ከኡኬ በታች ያለው ነጭ ቦታ

ሌባ ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። ሌባ አልነበርኩም። ነቀምቴ ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እያየ፣ «አሮጌ ካርታ ከመንግሥት መዝገብ ሰርቀሃል» ብለው ቁልፌን ተቀበሉኝ። ካርታውን የሰጠኝ ሰው ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር። ሙት አይመሰክርም ብለው ነው ያደረጉት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የጡረታዬ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም፤ በልቼዋለሁ፣ አልቋል። የሚናፍቀኝ ክፍሉ ነው። ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚያይ አንድ መስኮት፣ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ የዋንዛ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ በአያቶቻችን ዘመን ፈረንጅ መንገደኞች የሣሏቸው ካርታዎች ይዘረጋሉ፤ የዓባይ ዳር፣ የአንገር በረሃ፣ የደርቡሽ ጠረፍ፣ ያኔ ጦር የተመላለሰበት አገር ሁሉ። ሽታቸው ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ የቆየ አቡጀዲ፣ የበቅሎ ላብ፣ ትንሽ ሻጋታ። ሰው አገሩን ይናፍቃል፣ ልጁን ይናፍቃል። እኔ ሻጋታ እናፍቃለሁ። የፈለገ ይሳቅ።

የኪራሙ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ የመጣ አራሽ ነበር፤ ፊደል አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነቀምቴ መጥቼ መሬት ለሚለኩ ሰዎች ገመድ ጎታች ሆንኩ። ገመድ ጎታች ማለት ጫፉን ይዞ እሾህ ውስጥ የሚገባው ነው፤ ቁጥሩን ጥላ ሥር ቆሞ የሚጽፈው ሌላ ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ ለካርታው ክፍል ጠራጊ አደረጉኝ።

ክፍሉ የተከፈተው በጠረፍ ጉዳይ ነው። በምዕራቡ ወሰን በኩል ያለ አሮጌ ካርታ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠና የሚል ትእዛዝ ከአዲስ አበባ መጣ። ኃላፊ የተደረጉት ኦቦ ጉዲና ናቸው። የጉቴ ሰው፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ጴንጤ፣ ሁለት የፈረንጅ ቋንቋ የሚያነቡ፣ ረጅምና ጎባጣ። አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ ጠረጴዛው ላይ አፍጥጬ አገኙኝ።

«ያ ደምሴ፣ አካም ቡልቴ። ምን ታያለህ?» ደህና አደርክ ማለታቸው ነው፤ «ያ» የሚሉት ሰው ሲያቀርቡ ነው።

«አባጨጓሬ ነዋ።»

ሳቁ። የዚያን ዘመን ካርታ ተራራን የሚሥለው በጥቃቅን ጭረት ነው፤ ለማያውቀው ሰው ጸጉራም አባጨጓሬ ይመስላል።

«አባጨጓሬው ወዴት ይሄዳል?»

«ከኪራሙ ወደ ዓባይ። ግን ሰውየው ዋሽቷል። እዚህ ጋ ገደል ነው፤ እንኳን በቅሎ ዝንጀሮም አይወርደው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ፊደል ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እግርህማ ያነባል። የቀረው ዓይንህ ነው።»

አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። በምሳ ሰዓት አስተማሩኝ፤ ገበታዬ እሳቸው የፈረንጁን ጽሑፍ በእኛ ፊደል የገለበጡበት ካርታ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ዴዴሳ» ነው፤ ፊት ያሉት ሁለት ፊደሎች መንታ ስለሆኑ ቀለሉኝ። ጸሐፊዎቹ በመስኮት እያዩ «ጎረምሳው ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ» ይሉ ነበር። ይበሉ። ከእነሱ መካከል ዴዴሳን በእግሩ የተሻገረ አንድም አልነበረም።

ስለ ኦቦ ጉዲና አሠራር ልጻፍ፤ እኔ ካልጻፍኩት የሚጽፈው የለም።

ካርታ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በአመድ ታጥበው ያደርቁ ነበር። ሳሙና ቅባቱን ይተዋል ይላሉ። የተቀደደውን የሚጠግኑት በስንዴ ዱቄት ሙጫ ነው፤ ሙጫው ውስጥ እሬት ይጨምራሉ፤ ምስጥ ሲቀምሰው ይተፋዋል። ካርታውን መስኮቱ ላይ አንሥተው በብርሃን ያዩታል፤ መንገደኛው በእርሳስ ጽፎ የፋቀው ሁሉ ያኔ ይወጣል። ማጠፊያውን ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ የታጠፈበትና ላብ የነካው ቦታ ሰውየው ብዙ የቆየበት አገር ነው። መስመሩን ያያሉ፤ በዓይኑ ያየውን ወንዝ በድፍን መስመር፣ በወሬ የሰማውን በነጠብጣብ ነው የሚሥለው። «ከመንገዱ ዓይን የማይደርስበት ሁሉ ወሬ ነው» ይላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አጠያየቃቸው ነው። የካርታውን ግልባጭ በስስ ወረቀት ይዘን ቦታው ድረስ እንሄዳለን። እዚያ ደርሰን «ይኼ ወንዝ እንዲህ ይባላል ወይ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። የእኛ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ይላል። «ይኼን ምን ትሉታላችሁ?» ብቻ ነው። ሦስት ሰው ይጠይቃሉ፤ ከብት የሚጠብቅ፣ ሽማግሌና ውሃ የምትቀዳ ሴት። ሽማግሌውና ጠባቂው ከተለያዩ የሴትዮዋን ይይዛሉ። ያልደረስንበት ቦታ ካለ በግልባጩ ጠርዝ ላይ በቀይ እርሳስ «አልጠየቅሁም» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሌላ ሹም በዕድሜዬ አላየሁም።

ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ደምቢዶሎ አብረን ዞርን። ካርታ የሚገኘው ካርታ ይኖራል በሚባልበት ቦታ አይደለም። ጊምቢ የአንድ የግሪክ ነጋዴ ሚስት የጨው መደርደሪያዋ ላይ አንጥፋው አገኘን። ኦቦ ጉዲና ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመኗት።

«ውሰዱት ባካችሁ፤ አይጥ አንብቦ ጨርሶታል» አለች።

ጥግ ጥጉ ተበልቷል፤ መሀሉ ግን የሶር ወንዝ ነበር፣ ድፍን መስመር። በመንገድ ስንመለስ ኦቦ ጉዲና መዝሙር ያፏጩ ነበር። በሥራ ዘመኔ ደስተኛ የነበርኩበትን ቀን የሚጠይቀኝ ቢኖር ያ ነው።

ከዚያ ደረታቸውን አመማቸውና ጉቴ ቤታቸው ተኙ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። አዲስ ዋና ጸሐፊም በዚያው ሰሞን መጣልን። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆች አሉት። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ፣ ሰው ሲያናግር ሰዓቱን የሚያይ ነው። ካርታ አይወድም። እኔን ግን ወደደኝ፣ ለምን እንደወደደኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከኡኬ መንደር ወረድ ብሎ ወደ አንገር በሚወስደው በኩል፣ አዴ ሶርሴ የሚባሉ አሮጊት ከባላቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር የሚያርሱት መሬት ነበር። አሥራ አንድ ቤት ናቸው። አንድ ሰው መሬቱ ጠፍ ነው፣ ማንም ያልነበረበት የመንግሥት መሬት ነው፣ ለእኔ ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባ። እነ አዴ ሶርሴ «ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እዚሁ ነን» አሉ፤ ወረቀት የላቸውም። ዋና ጸሐፊው ጠራኝና «አንተ የድሮውን ታውቃለህ። ያ ቦታ በአሮጌው ካርታ ምን ይላል?» አለኝ።

የምናውቀው አንድ ካርታ ነበር። መንገደኛው በኡኬ በኩል አልፏል፣ መንገዱ በቀይ መስመር አለ፣ ቦታው ከመንገዱ ዓይን የሚደርስበት ነው። ወንዙ ድፍን መስመር ነው። ከወንዙ ዳር ግን ቤት የለም፣ ገበያ የለም፣ ስም የለም። ነጭ ነው።

ፍርድ ቤት ቆምኩ። ማንበብ ከቻልኩ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዳኛ ፊት ቆሞ የፈረንጅ ካርታ የሚያነብ ገመድ ጎታች እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እብሪት ነው ያስቸኮለኝ።

ዳኛው «በዚያ ቦታ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም?» አሉኝ።

«ካርታው ባዶ ነው ይላል፣ ጌታዬ።»

አዴ ሶርሴ ከኋላ ተነሥተው አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ «አንተ መጥተህ አይተሃል?» አሉኝ። ዳኛው ዝም አሰኟቸው። ሄጄ አላየሁም። ሦስት ሰው አልጠየቅሁም። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም። ከነቀምቴ ኡኬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

መሬቱ ጠፍ ነው ተብሎ ተፈረደ። አሥራ አንዱም ቤት ተነሣ። መሬቱን የወሰደው ሰው የዋና ጸሐፊው አማች መሆኑን የሰማሁት ከፍርዱ በኋላ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ጉቴ ሄድኩ። ኦቦ ጉዲና አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነገሩን እንደ ጀብዱ ነው የነገርኳቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«መንገደኛው በምን ወር ነው ያለፈው?»

«ካርታው ላይ ተጽፏል። ሰኔ።»

«በየትኛው ዓመት?»

«በአያቶቻችን ዘመን ጦር በኡኬ ያለፈበት ዓመት ነው።»

«ከማን ጋር ነው የሄደው?»

ከጦር ጋር ነው የሄደው። ካርታው ጥግ ላይ ራሱ ጽፎታል፤ ኦቦ ጉዲና የተረጎሙትን አንብቤዋለሁ።

«ደምሴ» አሉኝ፤ ያን ቀን «ያ» አላሉኝም። «ጦር በበርህ ሲያልፍ ቤትህ ቁጭ ትላለህ?»

እኔ የጦር መንገድ ልጅ ነኝ። አባቴ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ። የጦር አቧራ ሲታይ እሳት ይዳፈናል፣ ከብት ወደ ቆላ ይነዳል፣ እህል ጉድጓድ ይገባል፣ ሰው ጫካ ይገባል። ከጎጆ የሚተርፍ ካለም ወታደሩ ለማገዶ ያፈርሰዋል። ፈረንጁ ደርሶ ሲያይ ሣር ነው የሚያየው። ነጭ ይሥላል። ይኼን ኪራሙ ያለ ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ፊደል ስቆጥር ረሳሁት።

«በጦር ዘመን ካርታ ላይ ነጩ ሰው የሌለበት አይደለም። የሸሸበት ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ኡኬ ወረድኩ። አዴ ሶርሴን ከመንገዱ ዳር በሰው በረት ተጠግተው አገኘኋቸው። ባላቸው ታመው ተኝተዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ቂም እንዳለው ሰው አዩኝ፤ ግን መለሱልኝ።

«የባለቤቴ አያት ከጫካው ውስጥ ሆነው ያን ፈረንጅ አይተውታል። በበቅሎ ላይ ሆኖ ይጽፍ ነበር አሉን። እሳታችንን አጥፍተን እኛ እሱን ስናይ፣ እሱ እኛን አላየንም።»

«ይኼን ለምን ለዳኛው አልነገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ተመልሼ ጉቴ ስገባ ኦቦ ጉዲና ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አስወጡኝ። ውስጡ አንድ ካርታ ነበር፣ ከክፍሉ መዝገብ ያልገባ። ሌላ መንገደኛ፣ ከጦሩ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በጥቅምት፣ በሰላም ያለፈ። ከኡኬ በታች ወንዙ ዳር ጥቃቅን ጎጆዎች ሥሏል። አሥራ አራት ቆጠርኩ። ጎናቸው የገበያ ምልክት አለ።

«ይኼ የመንግሥት አይደለም። ደምቢዶሎ አንድ መሪጌታ የዳዊታቸውን ማኅደር ሲያድሱ ከሁለቱ ቆዳ መሀል አወጡት። ለመደገፊያ የተሰፋ ነበር። ለእኔ በስጦታ ሰጡኝ። ቦታው ድረስ ሄጄ ስላልጠየቅሁ ነው መዝገብ ያላስገባሁት። አንተ ጠይቀሃል። ውሰደው።»

እነ አዴ ሶርሴ ይግባኝ አሉ፤ እኔ ልመሰክርላቸው ተዘጋጀሁ። ጉዳዩ ሳይቀርብ ኦቦ ጉዲና ዐረፉ። ጉቴ ተቀበሩ፤ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ።

ካርታውን ለይግባኙ ፍርድ ቤት ባቀረብኩ በሁለተኛው ቀን ዋና ጸሐፊው ደብዳቤ ጻፈ፤ ይህ ካርታ ከክፍሉ የተሰረቀ የመንግሥት ንብረት ነው፣ አቅራቢውም ከባለጉዳዮቹ ጋር የተመሳጠረ ነው የሚል። የቀረውን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ፍርድ ቤቱ የካርታው ምንጭ እስኪረጋገጥ ይግባኙ ይቆይ አለ። እንግዲህ እኔ ሌባ ሆኜ እስከቆየሁ ድረስ አሥራ አንዱ ቤት ሜዳ ላይ ነው። ነገሩ በእኔ ራስ ላይ ተቋጠረ።

የመሪጌታውን ስም ኦቦ ጉዲና አልነገሩኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሁለተኛው ያልጠየቅሁት። ጊምቢ ገብቼ በአንድ መጋዘን የቡና ጆንያ እየመዘንኩ ኖርኩ። በየበጋው በጭነት መኪና ደምቢዶሎ እየሄድኩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞርኩ ዳዊት ያደሰ መሪጌታ ጠየቅሁ። አንዱ ሞቷል ይለኛል፣ አንዱ ጎጃም ገብቷል ይለኛል። የአዴ ሶርሴ ባል በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ፤ ከደጅ ቆምኩ፣ አልገባሁም።

በአራተኛው በጋ አንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከአንድ ዋርካ ሥር፣ መሪጌታ ላቀውን አገኘኋቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል። ስለ ኦቦ ጉዲና ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ያ ረጅሙ ጴንጤ? ሦስት ቀን ስለ ዮሐንስ ወንጌል ተከራከርን። አላሸነፈኝም።»

«አባ፣ ማኅደሩ አለ?»

አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የጭነት መኪናው ከጆንያ ላይ ጭኖን ነቀምቴ ገባን። መሪጌታ በየኮረብታው «ደረስን?» ይሉኛል፤ «አልደረስንም» ስላቸው «ዓይን ያለው ሰው እንኳ መንገድ ካላሳጠረ ዓይን ምን ይሠራል?» ይሉኛል።

ፍርድ ቤት ተሰበሰብን። ዋና ጸሐፊው ያኔ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሯል፤ አማቹ ከነጠበቃው አለ። መሪጌታ ካርታውን የሰጡት እሳቸው መሆናቸውን መሰከሩ። ጠበቃው ተነሣ።

«ክቡር ዳኛ፣ ምስክሩ ዓይነ ስውር ናቸው። ያላዩትን ካርታ እንዴት ያውቁታል?»

«እኔ ስሰጥ አይ ነበር፤ አንተ ስትዋሽ አላየሁህም፣ ግን ሰማሁህ» አሉት መሪጌታ። ችሎቱ ሳቀ። ከዚያ ማኅደሩን ከአንገታቸው አውልቀው በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ። «አባቴ ነው የሰፋው፤ በስተርጅናው ነው፣ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ወስፌው እዚህ ጋ አምልጦታል፤ ከግራው ማዕዘን ሰባተኛው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አለ። ከታች ደግሞ አንዱን ዘሎታል፤ እኔም ሳድሰው በዚያው ቀዳዳ ነው የሰፋሁት። ካርታው እዚሁ ተሰፍቶ ከነበረ እንደዚያው ይሆናል። እኔ አላይም፤ እናንተ እዩ።»

ዳኛው ካርታውን ከመዝገብ አስወጡ። አራት ዓመት አላየሁትም ነበር። ማኅደሩ ተፈትቶ ከላዩ ተነጠፈ። ዳኛው ራሳቸው በመርፌ በየቀዳዳው እያሳለፉ ሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባተኛው ላይ መርፌው ሁለት ቦታ ወረደ። ከታች አንዱ ቦታ ላይ ካርታውም ድፍን ነው። ጠበቃው ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ዓይኔ ግን ጎጆዎቹ ላይ ነበር። ኦቦ ጉዲና መስኮቱ ላይ አንሥተው ሲያዩት፣ ጣታቸውን ሳያስነኩ በአየር ላይ መንገዱን ሲከተሉ ታየኝ። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ፣ ብርሃኑ በሰሜኑ መስኮት ሲገባ። ያ ክፍል አሁን የመኪና ጎማ ማከማቻ ነው። ከፍርዱ በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ያስገቡኝ መዝገብ ቤት ነው፣ ጡረታዬ እስኪደርስ ጥቂት ወራት። የጊምቢውን፣ የነጆውን፣ የመንዲውን ካርታ ሁሉ የት እንዳደረሱት ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ሁሉ መንገድ የተረፈው ያ አንድ ካርታ ነበር።

ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ለዳኛው እጅ ነሥቼ «ጌታዬ፣ ካርታው ስጦታዬ ነው፤ ይመለስልኝ» አልኳቸው።

«ማስረጃ ነው። ከመዝገብ አይወጣም» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሕጉ ነው።

የችሎት ጸሐፊው ካርታውን አነሣና ከፋይሉ እንዲገባለት ብሎ አራት ቦታ አጠፈው፤ በድሮው ማጠፊያ ሳይሆን በአዲስ ቦታ፣ በአንገር በረሃ መሀል ለመሀል። ሲሰነጠቅ ሰማሁት።

ደጅ ስወጣ አዴ ሶርሴ በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመዋል። ዘመዶቻቸው እልል እያሉ ወደ ኡኬ ለመሄድ መኪና ይጠብቃሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በእጃቸው ያዙኝ።

«ተው፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያጠፋኸንም አንተ፣ የመለስከንም አንተ። ባሌ ሜዳ ላይ ነው የሞተው። ልመርቅህ ወይስ ልርገምህ አላውቅም።»

«ሁለቱንም ይተዉት፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ና፤ መሬቱን በዓይንህ እይ። ያን ጊዜ አላየኸውም።»

አብሬያቸው በመኪናው ጀርባ ተሳፍሬ ወረድኩ። ከወንዙ ዳር ቆመን አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ የማን ቤት የት እንደነበረ፣ ገበያው የት ይቆም እንደነበረ፣ በጦር ጊዜ ከብቱ በየት በኩል ወደ ቆላ ይነዳ እንደነበረ። ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መለሱልኝ።

መሬቱ ለአሥራ አንዱ ቤት ይመለስ፣ ደምሴም ከሌብነት ነጻ ነው ተብሎ የተፈረደው ግንቦት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ነው።